ሳኒታይዘር ጥሩ ዕቃ ነው፣ ሳሙናን ግን አያስንቅም

ኮሮና በገባ ሰሞን ሰው ሁሉ የተሻማበት ዕቃ ቢኖር ሳኒታይዘር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ሲጠራው በብዙ አገር የመደብር መደርደሪያው ተራቁቶ ነበር። ያኔ ስለ ጥራት የሚጠይቅ የለም። የተገኘው ይገዛል። ማን ሠራው፣ ምን ይሸታል፣ ውስጡ ምን አለ የሚለው ጥያቄ የቅንጦት ነበር። አሁን ማንም አይጋፋበትም፣ ስለዚህ እንደ ማንኛውም ዕቃ ረጋ ብሎ አገላብጦ ማየት ይቻላል።

የማወራው ስለ አንድ ብራንድ አይደለም። ጄሉንም፣ እንደ ውሃ የሚፈሰውንም፣ የሚረጨውንም፣ ሽቶ የበዛበትንም፣ አፍንጫ የሚሰነጥቀውንም ሞክሬ ነው። ፍርዴን ቀድሜ ልናገር፦ ሳሙናና ውሃ በሌለበት ቦታ የሚተካው የለም፣ ቧንቧ አጠገብ ቆመው ሲጠቀሙበት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ቀሪው ዝርዝር ነው፣ ሆኖም ዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጉድ አለ።

ከሥራው እንጀምር። የኮሮና ቫይረስ ከላይ በስብ የተሠራ ስስ ሽፋን አለው። አልኮሉ ያንን ሽፋን ይበጣጥሰዋል፣ ፕሮቲኑንም ያበላሸዋል፣ ቫይረሱም ሰው የመያዝ አቅሙን ያጣል። ሳሙናም ያንኑ ሽፋን ነው የሚያፈርሰው። ልዩነቱ ሳሙና ቆሻሻውን ከእጅ አላቆ ከውሃው ጋር ይዞት ይሄዳል፣ ሳኒታይዘር ግን የገደለውን እዚያው እጅ ላይ ትቶት ይተናል። ለቫይረሱ ለውጥ የለውም፣ ሞቷል። ለእድፉ ግን ለውጥ አለው። እጃችሁ ዘይት ከነካው ወይም አፈር ከያዘው አልኮሉ እላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ በቅጡ አይደርስም። ከጓሮ ሥራ መጥቶ ወይም ሞተር ነካክቶ ሳኒታይዘር የሚቀባ ሰው እጁን ያጸዳ ይመስለዋል፣ የሠራው ግን እርጥብ ጭቃ ነው።

ሰው ልብ የማይለው ትልቁ ነገር መለያ ወረቀቱ ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈውን ተዉት። «99.9 ከመቶ ጀርም ይገድላል» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። ጠርሙሱን አዙሩና በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል የሚመክረው ቢያንስ 60 ከመቶ አልኮል ያለበትን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ጀርሙን በቅጡ ሳይገድል የማዳከም ነገር ይሆናል። «ከአልኮል ነጻ» የሚሉ ጠርሙሶችም በዚያው ሰሞን አብረው ተደርድረው ነበር። ቆዳ አያደርቁም፣ አያቃጥሉም፣ ሽታቸውም ደስ ይላል። እኔ ግን ወረርሽኝ መሀል ቆሜ ደስ የሚል ሽታ አልፈልግም፣ የሚሠራ ነገር ነው የምፈልገው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። አልኮሉ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። ንጹሕ አልኮል ቶሎ ይተናል፣ ፕሮቲን ለማበላሸት ደግሞ ውሃም ያስፈልጋል። ስለዚህ ነው ጥሩ የሚሠራው መጠን ከ60 እስከ 95 ከመቶ ባለው ውስጥ የሚሆነው። ጎረቤት «እኔ ያገኘሁት ምንም ያልተቀላቀለበት ነው» ብሎ ሲኩራራባችሁ ብዙም አትቅኑበት።

የመጠጡ ጉዳይም አለ። ሳኒታይዘር ሲጠፋ ሰው ቤቱ ያለውን ቮድካ ማየት ጀመረ። ተራ ቮድካ 40 ከመቶ ገደማ ነው፣ አይበቃም። ቲቶስ የተባለው የአሜሪካ ቮድካ አምራች በማርች 2020 መጀመሪያ ላይ ምርታችን ለእጅ ማጽጃ አይሆንም፣ አልኮሉ 40 ከመቶ ብቻ ነው እያለ ለደንበኞቹ በትዊተር ሲመልስ ነበር። አንድ የመጠጥ ድርጅት እባካችሁ መጠጣችንን እጃችሁ ላይ አታፍስሱ ብሎ ሲለምን ማየት የዚያ ሰሞን ነገር ነው። ብዙም ሳይቆይ ራሱ ሳኒታይዘር ማምረት ጀመረ። ብቻውንም አልነበረም። የፈረንሳዩ የቅንጦት ዕቃ ድርጅት ኤልቪኤምኤች የዲዮር፣ የገርላንና የጂቫንሺ ሽቶ የሚመረትባቸውን ፋብሪካዎች ወደ ጄል ማምረቻነት እንደሚያዞር በማርች 15 አስታውቆ ለፈረንሳይ ሆስፒታሎች በነጻ መስጠት ያዘ። የሽቶ ፋብሪካ አልኮልም፣ ጠርሙስም፣ መሙያ ማሽንም አለው። ሲያስቡት ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ ቦታ የለም።

በሌላ በኩል ደግሞ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ ጠርሙስ ሰብስቦ በኢንተርኔት በውድ ሊቸበችብ ያሰበ ሰው ነበር። አማዞን ሽያጩን ዘጋበት፣ ዕቃውም ቤቱ ተከምሮ ቀረ፣ ኋላ ላይ በእርዳታ ሰጠው። እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ በየልኩ ነበር። አንዳንዱ በካርቶን፣ አንዳንዱ በጋራዥ።

ቤት ውስጥ ልቀምም ላለውም መልስ ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት የሳኒታይዘር አሠራሩን ለማንም ክፍት አድርጎ አውጥቶት ነበር፣ ያውም ከወረርሽኙ ዓመታት ቀደም ብሎ። 10 ሊትር ለመሥራት 96 ከመቶ የሆነ ኢታኖል የሚባለው አልኮል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 ከመቶ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፣ የቀረውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በተጣራ ውሃ መሙላት ነው። የሚወጣው 80 ከመቶ አልኮል ነው። ግሊሰሪኑ ለቆዳ ነው። ፐርኦክሳይዱ ግን ለእጅ አይደለም፣ ጠርሙሱ ወይም ፈሳሹ ውስጥ ተደብቆ የቀረ የባክቴሪያ ዘር ካለ እሱን ለማጥፋት ነው። ለዚያም ነው ከተቀመመ በኋላ 72 ሰዓት ሳይነካ እንዲቆይ የሚደረገው። ይህ የፋርማሲ ባለሙያ የሚሠራው ሥራ ነው፣ የማጀት ሙከራ አይደለም። የሬት ጄል ከተገኘው አልኮል ጋር በዓይን ግምት ቀላቅሎ ለልጆች እጅ የሚያፈስ ሰው ምን ያህል ከመቶ እንደወጣለት አያውቀውም። እኔ ከእንዲህ ያለ ብልቃጥ ቢሰጡኝ አመስግኜ ሳሙና ፍለጋ እሄዳለሁ።

አጠቃቀሙ ላይ ደግሞ ጠብታ የሚቆጥብ ሰው ብዙ ነው። ያኔ ውድ ስለነበር ይገባኛል። ነገር ግን መዳፍ መሀል ነጠብጣብ አድርጎ ሁለቴ አሸት አሸት ማድረግ ምንም ካለማድረግ ብዙም አይለይም። መዳፍ ሙሉ ይሁን፣ የእጅ ጀርባ ይዳረስ፣ ጣት መሀል ይግባ፣ አውራ ጣት አይረሳ፣ የጥፍር ጫፍ መዳፍ ላይ ይታሽ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል። እስኪደርቅ ማሸት ነው እንጂ ልብስ ላይ መጥረግ የለም። አውራ ጣቱን የማይዘነጋ ሰው እስካሁን በዓይኔ አላየሁም፣ ሁሉን ነገር የምንነካበት እሱ ሆኖ ሳለ።

ጄል ወይስ ፈሳሽ? እኔ ጄሉን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም እጅ ላይ ይቀመጣል፣ ጫማ ላይ አይንጠባጠብም። ችግሩ ርካሹ ጄል ነው። እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ሲታሽ ነጭ ፍርፋሪ ያወጣል፣ ደጋግመው ሲቀቡት ጣት ከጣት ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ ስልክ ሲነኩ የጣት አሻራ ስክሪኑን ይሞላዋል። ፈሳሹ ደግሞ ንጹሕ ስሜት አለው፣ ግን ግማሹ መሬት ይወርዳል። የሚረጨው ለቁልፍና ለበር እጀታ ይመቻል፣ ለእጅ ሲሆን ብዙው አየር ላይ ይቀራል። ባለ ብዙ ሽቶው ማስክ ስር ሆነው ሲቀቡት ራስ ያዞራል። የኔ ምርጫ ሽታ የሌለው፣ ግሊሰሪን ያለበት፣ ክዳኑ በአንድ እጅ የሚከፈት ጄል ነው።

ቆዳን ማድረቁ እውነት ነው። በዚያ ዓመት የብዙ ሰው የእጅ ጀርባ ተሰነጣጥቆ፣ ቆስሎ ነበር። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ አልኮሉ ላይ መጫን አይገባም። ብዙ ሰው በሳሙና ታጥቦ እንደጨረሰ፣ እጁ ሳይደርቅ፣ ደግሞ ሳኒታይዘር ይደርብበት ነበር። ይሄ ነው ቆዳ የሚጨርሰው። አንዱ ከተደረገ ሌላው አያስፈልግም። ታጥባችሁ ከሆነ ቅባት ቀቡና ሥራችሁን ቀጥሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በጁን 2020 ሜታኖል የተገኘባቸውን ሳኒታይዘሮች ስም እየጠራ ማስጠንቀቅ ጀመረ፣ ዝርዝሩም ከወር ወር ረዘመ። ሜታኖል ከኢታኖል ጋር በዓይንም በአፍንጫም አይለይም፣ ግን መርዝ ነው። ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በሜይና ጁን 2020 አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሳኒታይዘር ጠጥተው ከተመረዙ 15 ሰዎች 4ቱ ሞተዋል፣ 3ቱ ደግሞ የዓይናቸው እይታ ተጎድቶ ነው ከሆስፒታል የወጡት። «እኔ አልጠጣውም፣ ምን አገባኝ» የሚል ይኖራል። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ግን ያገባዋል። አንዳንዱ አምራች ደግሞ በቢራ ቆርቆሮና በውሃ ጠርሙስ እየሞላ ያወጣ ነበር፣ የልጆች ምግብ በሚመስል ማሸጊያም ታይቷል። ያው ባለሥልጣን በኦገስት ይህንንም ለይቶ አስጠንቅቋል። እጥረት ሲሆን የተገኘው ዕቃ ውስጥ ይሞላል፣ እሺ። የሚጠጣ ነገር የሚመስል ዕቃ ውስጥ መሙላት ግን ለኔ ይቅርታ የለውም። ዜሮ ነው የምሰጠው።

ልጆችን ካነሳን፣ በየመደብሩ በር የቆሙት በእግር የሚረገጡ ማቆሚያዎች ነገር አለ። ሐሳቡ ጎበዝ ነው፣ እጅ ምንም አይነካም። ቁመታቸው ግን ለትልቅ ሰው ወገብ ነው፣ ይህ ማለት ለትንሽ ልጅ ፊት ለፊት ማለት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በ2020 ለመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከላት ከደረሱት የልጆች የዓይን አደጋዎች ውስጥ የሳኒታይዘር ድርሻ ከ2019 ሰባት እጥፍ ያህል ሆኗል። አልኮል ዓይን ውስጥ ሲገባ ማሳመም ብቻ አይደለም፣ ጉዳትም ሊያደርስ ይችላል፣ ቶሎ በብዙ ውሃ ማጠብና ሐኪም ማሳየት ነው። ልጅ ይዞ ገቢ ከሆናችሁ በእናንተ እጅ ላይ አፍስሳችሁ እናንተው ቀቡለት። እሳትም አትርሱ። አልኮሉ ሳይደርቅ ምድጃ መለኮስ፣ ክብሪት መጫር፣ ሲጋራ ማቀጣጠል አደጋ ነው። ነበልባሉም ሐመር ስለሆነ ወዲያው ላይታይ ይችላል።

ከምርቱ ወጣ ልበልና ስለ ተጠቃሚው ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ይህ ዕቃ ያኔ የተሸጠው ለእጅ ብቻ አይደለም፣ ለጭንቀትም ነው። በማርች 17 ቀን 2020 የወጣ አንድ ጥናት ቫይረሱ ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ ካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት፣ መዳብ ላይ እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል በላቦራቶሪ አሳየ። ያ ቁጥር ከተሰማ በኋላ ቤት ሁሉ ተለወጠ። ከገበያ የመጣ ዕቃ በር ላይ ይታገዳል። ፓስታው ይጠረጋል፣ ብርቱካኑ ይታጠባል፣ የተላከ ካርቶን ውጭ ያድራል። እናቴ የቤቱን ቁልፍ፣ የስልኩን ሽፋን፣ የመነጽሯን እጀታ በተራ ታሽ ነበር፣ የመደብር ደረሰኝ ሳይቀር ረጭታ ጽሑፉን አጥፍታዋለች። እኛም ከውጭ ስንገባ «አንድም ነገር እንዳትነኩ!» እየተባልን እጃችንን ዘርግተን እንደተማረከ ወታደር በሩ ላይ እንቆማለን።

ላቦራቶሪ ውስጥ ቫይረስ ተገኘ ማለትና ሰው ከፓስታ ማሸጊያ ታመመ ማለት ግን ለየቅል ነው። ሲጠና ዋናው መተላለፊያ ትንፋሽ ሆኖ ተገኘ፣ ይበልጡን በተዘጋ ቤትና ሰው በታጨቀበት ቦታ። በጁላይ 2020 ላይ 239 ሳይንቲስቶች በአየር ስለሚተላለፈው ነገር ትኩረት ይሰጥ ብለው በይፋ ጽፈው ነበር። በአፕሪል 2021 የአሜሪካው የበሽታዎች ማዕከል የተበከለ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድል በአንድ ንክኪ ከ10,000 አንድ አይሞላም ብሎ አስቀመጠው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ከረጨነው ብዙው ለፓስታው ነው የጠቀመው። መስኮት መክፈት በነጻ ነበር፣ ግን መስኮት በጠርሙስ ሞልቶ የሚሸጥ ስለሌለ ማስታወቂያ አላገኘም።

ለዕቃው ግን ፍትሐዊ እንሁን። ሰውን ማስደንገጥ የሱ ሥራ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀብሎ፣ የሊፍት ቁልፍ ተጭኖ፣ የሆስፒታል በር ገፍቶ፣ ከዚያ አፍንጫውን ሳያስበው ሊያክክ ለሚችል ሰው በኪስ የምትያዝ ብልቃጥ እውነተኛ ጥቅም ነበራት፣ አሁንም አላት። ሥራ ቦታው ውሃ የማያገኝ ሰው፣ ቀኑን መንገድ ላይ የሚውል ሾፌር፣ በሽተኛ የሚያስታምም ዘመድ፣ ለነዚህ ሁሉ ሳሙና ይሻላል ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ቧንቧው የታለ? ሆስፒታል ውስጥም ነርስ ከአልጋ ወደ አልጋ ስትሄድ የምትጠቀመው ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም ፈጣን ነው። ቤት ቁጭ ብሎ ከሳሎን ወደ ማጀት ሲመላለስ በየመሀሉ የሚረጭ ሰው ነው ዕቃውን ያለ ቦታው ያዋለው።

ሌላም ድክመት ልጨምር። ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ላይ አልኮል እምብዛም አይሠራም። ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለውን ባክቴሪያ ዘሩን አይገድለውም። ቤት ውስጥ ሆዱን የታመመ ሰው ካለ ብልቃጧን አስቀምጣችሁ ሳሙና አንሡ። መጸዳጃ ቤት ደርሶ መምጣትም፣ ምግብ ከመሥራት በፊትም ያው ነው።

መግዛት ለሚፈልግ ያለኝ ምክር አጭር ነው። አልኮሉ ከ60 ከመቶ በላይ መሆኑ፣ ኢታኖል ወይም አይሶፕሮፒል ተብሎ በግልጽ መጻፉ፣ አምራቹና የማለቂያ ቀኑ መኖሩ ይታይ። ስም የሌለው ጠርሙስ ከሆነ ይቅር። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ ሙቀት ሲነካው አልኮሉ ይተናል፣ ክዳኑ ላልቶ ከሆነ ደግሞ የሚቀራችሁ ሽታ ያለው ውሃ ነው። ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ትንሽ የምትገለብጡ ከሆነ ትንሿ ላይ ምን እንዳለባት ጻፉባት።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። ያጎደልኩት ለክዳኑ ነው። ይህን ሁሉ ፋብሪካ፣ ይህን ሁሉ ኬሚስት አልፎ የመጣ ዕቃ ቦርሳ ውስጥ ፈሶ ወረቀት ሲያበሰብስ፣ የፓምፑ አፍ ደርቆ ተደፍኖ ሲጫኑት ወደ ጎን ሸሚዝ ላይ ሲረጭ ያናድዳል። ይህን የሚያስተካክል አምራች ከመጣ አምስተኛዋን ኮከብ እጨምርለታለሁ።